"ባብሉ መሃል ነው" እያላችሁ አታድርቁኝ

ዛሬ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሌቭሌን፣ ማለትም ከፍታ የምለካበትን የቅየሳ መነጽር፣ ያዋስኩት ሐሙስ ነው። የተመለሰልኝ እሁድ ማታ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ተጭኖ። የሐረጎን ጠመዝማዛ የወረደ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል። ሳጥኑ ከሽንኩርት ጆንያ ሥር ነበር። አንደኛው መቆለፊያ ተገንጥሎ በሲባጎ ታስሯል። ለተዋሰኝ ሰው ደወልኩለት። "አብሽር፣ ምንም አልሆነም፣ ባብሉ መሃል ነው" አለኝ። ባብል የሚለው ሌቭሉ ላይ ያለችውን የአየር አረፋ ነው። ክፉ ቃል ከአፌ ሳይወጣ ስልኩን ዘጋሁት።

ባብሉ መሃል ነው! ይህን ነገር ከስንት ሰው ሰማሁት? ከተማሪ፣ ከፎርማን፣ ዲግሪውን ግድግዳ ላይ ከሰቀለ ኢንጂነር። ባብሉ የሚነግርህ መሣሪያው በግምት ቀጥ ብሎ መቆሙን ብቻ ነው። የቀረችውን ትንሽ ዘንበል ማለት ውስጡ የተንጠለጠለው ኮምፔንሴተር ያቃናታል። በመነጽሩ ውስጥ የምታነብበት የመስቀል ክር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ በትንሽ ብሎን ነው የተያዘው። ሳጥኑ ሲወድቅ፣ ፒካፕ ላይ ሲዘል፣ ክሩ ከቦታው ንቅንቅ ይላል። ባብሉ ይህን አያውቅም። በመነጽሩ ስታይ ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ይታይሃል፤ ቁጥሩ ግን ውሸት ነው።

ሰኞ ጠዋት የቀጠሮ ሥራዬን ትቼ ፈተሽኩት። ከቤቴ ጀርባ ባለው ሜዳ ሁለት ካስማ በ60 ሜትር ርቀት መታሁ። መጀመሪያ ልክ መሃላቸው ላይ ቆሜ ካስማዎቹ ላይ የሚቆመውን ስታፍ፣ ማለትም ቁጥር የተጻፈበትን ረጅም መለኪያ ዘንግ፣ አነበብኩ። አንደኛው ካስማ 1.412 ሜትር፣ ሁለተኛው 1.187። ልዩነቱ 225 ሚሊ ሜትር። ይህ ቁጥር ሌቭሉ ቢበላሽ እንኳ እውነት ነው። በሁለቱም በኩል ርቀቱ እኩል 30 ሜትር ስለሆነ ስህተቱም እኩል ነው፤ ሲቀናነስ ይጠፋል። ከዚያ ሌቭሉን አንስቼ ከአንደኛው ካስማ 3 ሜትር ወደ ኋላ ተከልኩት። ቅርቡ 1.530 አለኝ። እንግዲህ ሩቁ 1.305 ማለት ነበረበት። 1.323 አለ። ዓይኔን ጠርጌ ደግሜ አየሁ። የወንድሜ ልጅ ስታፉን ይዞ ፀሐይ እየጠበሰው "አጎቴ፣ ልልቀቀው?" ይለኛል። 1.323። የ18 ሚሊ ሜትር ስህተት! እኔ ከ3 ሚሊ ካለፈ ሥራ ላይ አላወጣውም።

"18 ሚሊ ምን አላት?" የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ለሱ የመርሳውን ልንገረው።

ካቻምና መርሳ አካባቢ አንድ የመስኖ ቦይ እንዳይ ተጠራሁ። ገበሬዎቹ በበጋ በእጃቸው የቆፈሩት ነው። ወደ 480 ሜትር ይሆናል። ተዳፋቱ በየ2000 ሜትሩ 1 ሜትር እንዲወርድ የታሰበ ነበር። ስለዚህ ከጫፍ ጫፍ 24 ሳንቲም መውረድ አለበት። ውሃ ሲለቁበት ግን አልሄድ አለ። ተኛ። ደለሉን እዚያው ከላይ ጣለው፣ ከዚያ ዳርቻውን ሞልቶ የሰው ማሳ ላይ ፈሰሰ። ለካሁት። የወረደው 8 ሳንቲም ብቻ ነው።

ቀያሹ ምን አድርጎ ነው? ሌቭሉ በ60 ሜትር 30 ሚሊ ወደ ላይ ያያል። ማለትም በየሜትሩ ግማሽ ሚሊ። እኔ ሄጄ ራሴ ፈትሼዋለሁ። እሱም ላይ ሰውየው መሃል መቆም ሰልችቶታል። ወደ ኋላ 10 ሜትር፣ ወደ ፊት 50 ሜትር እያየ ነው የሄደው። የ40 ሜትር ልዩነት በእያንዳንዱ መቆሚያ 20 ሚሊ በላበት። 8 ጊዜ ተከለ። 16 ሳንቲም ጠፋ። እኩል ርቀት ጠብቆ ቢያነብ ኖሮ ያ የተበላሸ ሌቭል እንኳ ጉድ አይሠራውም ነበር!

አንድ ሽማግሌ አካፋቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር። "ልጄ፣ ካስማውን የቸከላችሁ እናንተ ናችሁ። እኛ ካስማውን ተከትለን ነው የቆፈርን" አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። መዳፋቸው እስካሁን ዓይኔ ላይ ነው፤ ውሃ የቋጠረው ፈንድቶ ደርቋል።

ውጭ አገር የሚኖር የአክስቴ ልጅ አለ። ፈቃድ አውጥቶ አጋዘን ያድናል። የጠመንጃው መነጽር አንዴ ከተጋጨ፣ ቢቧጨርም ባይቧጨርም፣ አደን አይወጣም። መጀመሪያ ወደ ተኩስ መለማመጃው ይሄዳል። 100 ሜትር ላይ በተሰቀለ ወረቀት 3 ጥይት ይተኩሳል። የሦስቱ መሃል ከዒላማው መሃል ስንት ሳንቲም እንደራቀ ይለካል። የሱ መነጽር ማስተካከያው አንዴ ቀጭ ሲል 0.1 ሚል ነው፤ ያ በ100 ሜትር 1 ሳንቲም ነው። 7 ሳንቲም ዝቅ ካለ 7 ቀጭ ወደ ላይ። ደግሞ ተኩሶ ያረጋግጣል።

ሚል ማለት አንድ ሺኛ ነው። በ1000 ሜትር 1 ሜትር፣ በ100 ሜትር 10 ሳንቲም። እኛ ቀያሾችም ስሙን ሳንጠራው ስንሠራበት ነው የምንውለው። የሌቭላችን ላይና ታች ያሉት ሁለት አጫጭር ክሮች መካከል ልክ 10 ሚል ነው። የታቹን ከላዩ ቀንሰን በ100 የምናባዛው ለዚህ ነው። 1.640 እና 1.220 ካነበብክ 42 ሜትር።

አንድ ቀን ይኸው ልጅ ደወለልኝ። መነጽሩ ውስጥ ሚል የሚለኩት ነጠብጣቦች ርቀቱን እጥፍ አድርገው እየሰጡት ተቸግሯል። 1 ሜትር ቁመት ያለው ሰሌዳ 200 ሜትር ላይ አቁሟል። 5 ሚል ሊሞላ ሲገባው 2.5 ሆነበት። ሲያሰላው 400 ሜትር። "ማጉያው ስንት ላይ ነው?" አልኩት። 5 ላይ። መመሪያውን አውጥቶ ቢያነብ፣ ነጠብጣቦቹ ልክ የሚሆኑት ማጉያው 10 ላይ ሲሆን ብቻ ነው ይላል። በዚህ ዓይነት መነጽር ማጉያውን ስታዞር ምስሉ ያድጋል ወይም ያንሳል፤ ነጠብጣቦቹ ግን ባሉበት ይቆያሉ። ከምስሉ ጋር አብረው የሚያድጉበትም ዓይነት አለ፤ እሱ በየትኛውም ማጉያ ልክ ነው። ልጁ በዚያው ቀን 10 ላይ አድርጎ ደግሞ ለካ።

እሱ ለአንድ አጋዘን ይህን ያህል ይጠነቀቃል። እኛ የሰው ውሃ፣ የሰው ቤት መሠረት፣ የሰው ጉልበት ይዘን ግማሽ ሰዓት ይከብደናል። የሚያንገበግበኝ ይኸ ነው። ሁለት ካስማ፣ አንድ ስታፍ፣ ግማሽ ሰዓት። ወጪ የለውም።

ሳልረሳው፣ የዓይን ማያውን ሳያስተካክሉ የሚያነቡም አሉ። መጀመሪያ ክሩ ጥቁር ብሎ እስኪጠራ አዙረው። ከዚያ ስታፉን አጥራ። ከዚያ ራስህን ትንሽ ከፍ ዝቅ አድርግ። ክሩ ስታፉ ላይ ከተንሸራተተ ገና አልጠራም ማለት ነው። አንድ ልጅ ይህን ሳላስረዳው ለአንድ ወር አብሮኝ ሠርቷል፤ ያ የኔ ጥፋት ነው፣ አሁንም ይቆጨኛል።

የኔን ሌቭል ሰኞ ከሰዓት አስተካከልኩት። ከዓይን ማያው በላይ ያለውን ክዳን ከፍቶ ብሎኗን በጥቂት በጥቂቱ ማዞር ነው። አዙር፣ አንብብ፣ አዙር፣ አንብብ። 1.305 እስኪል። ከዚያ መሃል ተመልሼ ሁሉንም ከመጀመሪያው ደገምኩት። ስጨርስ መሽቷል። የወንድሜ ልጅ ስታፉን አጥፎ ቁጭ ብሎ ነበር፤ ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ነው የዋለው።

ከእንግዲህ ልዋስ የሚል ሰው ቅር አይበለው። እምቢ አልልም፣ የሥራ መሣሪያ የሌለውን ልጅ አውቀዋለሁ፣ እኔም በውሰት ነው ያደግኩት። ግን ሲወስድ ከኔ ጋር ሜዳው ላይ ይፈትሻል። ሲመልስም እዚያው ሜዳ ላይ ፊቴ ይፈትሻል። ካስማዎቹን አልነቀልኳቸውም።