ባዶ ‹‹ካች›› እና ሥራውን የሚደብቅ ስም

ፍሮንት ኤንድ (ተጠቃሚው የሚያየውን የድረ ገጽ ክፍል) የምትጽፉ ሁሉ፣ እባካችሁ ስህተት መዋጥ ይብቃ! ሊሳሳት የሚችለውን ኮድ ‹‹ትራይ›› ብሎ ጀምሮ፣ ስህተቱ ተይዞ የሚስተናገድበት ‹‹ካች›› ላይ ሲደርሱ ቅንፉን ከፍቶ ባዶውን ዘግቶ መሄድ ስህተትን ማስተናገድ አይደለም፤ ማስረጃ ማጥፋት ነው። በዚያ ላይ በዙሪያው ላሉት መረጃዎች የወጡት ስሞች ‹‹ዳታ››፣ ‹‹ዳታ2››፣ ‹‹ኒውዳታ›› ሲሆኑ፣ የተቀበረውን ፈልጎ የማውጣቱ ዕዳ የሚወድቀው ኮዱን ባልጻፈው ሰው ላይ ነው።

ሰሞኑን ያንገበገበኝን ልንገራችሁ። ነገሩ ቅጽ ነው፤ ሰው ስሙን፣ ስልኩንና አድራሻውን ሞልቶ ‹‹አስቀምጥ›› የሚለውን ቁልፍ ይጫናል። አረንጓዴ ምልክት ብቅ ይልና ‹‹መረጃዎ ተቀምጧል›› ይለዋል። በማግስቱ ተመልሶ ሲያይ የተቀመጠ ነገር የለም። ቅሬታው ሲጎርፍ ጣት ሁሉ የተቀሰረው መረጃውን የሚቀበለው ሰርቨር ላይ ነበር። ሰርቨሩ ግን ሥራውን በሚገባ ሠርቷል። የስልክ ቁጥሩ እንዳልደረሰው አይቶ 422 (የተላከው መረጃ ትክክል አይደለም የሚል የስህተት ቁጥር) ብሎ መልሷል፤ የጎደለው የትኛው መስክ እንደሆነም በመልሱ ውስጥ በግልጽ ጽፏል። መልሱ ብሮውዘሩ ድረስ መጥቷል። ከፍቶ ያነበበው ግን የለም።

ለምን? ጃቫስክሪፕት በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ውስጥ ለሰርቨር ጥያቄ የሚልከው ‹‹ፌች›› ስህተት የሚጥለው (ስህተት አለ ብሎ ለ‹‹ካች›› የሚያስረክበው) ጥያቄው ከናካቴው ሳይደርስ ሲቀር፣ ለምሳሌ መስመሩ ሲቋረጥ ነው። ሰርቨሩ 404 ይበል 500፣ ሁለቱም የስህተት ቁጥሮች ቢሆኑም፣ መልስ እስከመጣ ድረስ ‹‹ፌች›› ተሳክቷል ብሎ ያልፋል። መልሱ ስኬትን በሚያመለክተው ከ200 እስከ 299 ባለው ክልል ውስጥ መሆኑን ‹‹ኦኬ›› በሚለው ባሕርይ ማረጋገጥ የኮዱ ጸሐፊ ፈንታ ነው። ይህ ምስጢር አይደለም፤ የ‹‹ፌች›› መመሪያ ላይ በግልጽ ሰፍሯል። አንዲት መስመር ነች! ያቺ መስመር ስላልተጻፈች 422ቱ እንደ መልካም ዜና ተቆጥሮ አረንጓዴው ምልክት በራ። መስመሩ ሲቋረጥ ደግሞ ስህተቱን ባዶው ‹‹ካች›› ይውጠዋል፤ ከሥሩ ያለው ኮድ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥልና ያንኑ አረንጓዴ ምልክት ያበራል። በዚህም ቢሉ በዚያ ተጠቃሚው ተዋሽቷል።

የስልክ ቁጥሩስ የት ገባ? ደሜ የፈላው እዚህ ላይ ነው። ቅጹ ከመላኩ በፊት የሚጠራ ‹‹ቫሊዴትፎርም›› (‹‹ቅጹን አረጋግጥ›› ማለት ነው) የሚባል ፈንክሽን፣ ማለትም አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል፣ አለ። ስሙን ያነበበ ሰው ቅጹን መርምሮ ‹‹ትክክል ነው›› ወይም ‹‹ትክክል አይደለም›› የሚል ይመስለዋል። ውስጡ ሲገባ ግን የቁጥሩ አጻጻፍ ካላማረው፣ ለምሳሌ በአኃዞቹ መካከል ክፍት ቦታ ካገኘ፣ መስኩን ከሚላከው መረጃ ውስጥ ይሰርዘዋል። ለጠራው አይናገርም፣ ምንም አይመልስም፣ ስህተትም አይጥልም። ስሙ ‹‹ያልተስተካከሉ መስኮችን ሰርዝ›› የሚል ትርጉም ያለው ቢሆን ኖሮ ኮዱን የገመገመው ሰው ገና ስሙን ሲያይ ‹‹ለምን ይሰርዛል?›› ብሎ ይጠይቅ ነበር። ስሙ ያማረ ስለነበር ወደ ውስጥ የዘለቀ አልነበረም። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ኮድ ውስጥ ስም የሚያወጣው ግን ሰው ነው፤ ተጠያቂውም ሰው ነው።

ስም ቀላል ነገር የሚመስላቸው ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣውን የኤችቲቲፒ 1.0 (ብሮውዘርና ሰርቨር የሚነጋገሩበት ደንብ) ሰነድ ያስታውሱ። ጎብኚው ከየትኛው ገጽ እንደመጣ የሚናገረው ራስጌ (ከጥያቄው ጋር የሚላክ ተጨማሪ መረጃ) ‹‹ሪፈረር›› በእንግሊዝኛ ሲጻፍ አንድ ‹‹አር›› ጎድሎበት ገባ። ዓለም ሁሉ ስለተጠቀመበት ዛሬም ድረስ የሚሠራው ያ ግድፈት ነው። በኋላ የመጣው ‹‹ሪፈረር ፖሊሲ›› የሚባል ራስጌ ደግሞ በትክክለኛው ፊደል ተጻፈ። ስለዚህ ሁለቱ አጻጻፎች ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ አዲስ ጀማሪ ሁሉ በተራው ይደናገርባቸዋል። ይህ እንኳ የፊደል ግድፈት ብቻ ነው፤ ማንንም አላታለለም። ‹‹ኢዝኖትዲሴብልድ›› (‹‹የማይሠራ አይደለም›› እንደማለት) የሚል ስም አውጥቶ ፊቱ ላይ የአሉታ ምልክት የሚጨምር ሰውስ? ቁልፉ ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለውን ለማወቅ ሦስት አሉታ መፍታት ግድ ይላል። ‹‹ኢዝኢኔብልድ›› (‹‹ይሠራል››) ማለት ምን ይከብዳል?

ወደ ስህተቱ ልመለስ። ስህተቱን ባይውጡትም ለተጠቃሚው የሚያሳዩት ‹‹ችግር ተፈጥሯል፤ እንደገና ይሞክሩ›› የሚል ዓረፍተ ነገር ነው። ምን ዓይነት ችግር? 401 ማለት እንደገና ግባ ማለት ነው። 403 ፈቃድ የለህም ነው፤ መቶ ጊዜ ቢሞክርም አይከፈትለትም። 429 ጥያቄ አብዝተሃል፣ ታገስ ነው፤ ሰርቨሩ ምን ያህል መቆየት እንደሚገባም አብሮ ሊልክ ይችላል። 503 ደግሞ ሰርቨሩ ለጊዜው አገልግሎት መስጠት አልቻለም ነው። ሰውየው ሊወስደው የሚገባው እርምጃ በየአንዳንዱ ይለያያል። ሰርቨሩ ለይቶ የላከውን ፍሮንት ኤንዱ አንድ ላይ ጨፍልቆ፣ ፈቃድ የሌለውን ሰው ‹‹እንደገና ይሞክሩ›› እያለ ያደክመዋል። ከዚህ የሚብሰው ሳጥኑን ቀይ አድርጎ ዝም ማለት ነው። ቀለም መለየት የማይችል ሰው፣ ገጹን በድምፅ አንባቢ የሚያዳምጥ ዓይነ ስውር በምን ይወቅ? የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያው ሁለተኛ እትም እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወጣ ስህተት የተገኘበት መስክ እንዲለይና ስህተቱ በጽሑፍ እንዲገለጽ አስቀምጧል። ያኔ የተጻፈ ነገር ዛሬም እንደ ቅንጦት መታየቱ ያሳዝነኛል።

‹‹ተጠቃሚውን ላለማስደንገጥ ነው›› የሚል መልስ ተሰጥቶኛል። አልቀበለውም። ስህተቱን በሰዓቱ ቢያውቅ ቁጥሩን አስተካክሎ ይልክ ነበር፤ በማግስቱ ባዶ ገጽ ሲያይ ግን የሚያስተካክለው ነገር የለውም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ስህተት ሁሉ ይጩህ አላልኩም። ተጠቃሚው የመረጠው የገጽ ቀለም ብሮውዘሩ ውስጥ ሳይቀመጥ ቢቀር ማንንም አይጎዳም፤ ይታለፍ። ነገር ግን ሆን ተብሎ መታለፉንና ምክንያቱን በአንድ መስመር ጻፉት፤ ያለበለዚያ የታሰበበትን ከተረሳው ማን ይለየዋል? ሪአክት የሚባለውን የገጽ መሥሪያ የምትጠቀሙም፣ መላውን ገጽ በአንድ የስህተት አጥር (‹‹ኤረር ባውንደሪ››) ከብባችሁ አትኩራሩ። ያ አጥር የሚይዘው ገጹ ሲሳል የሚፈጠረውን ስህተት ነው እንጂ ቁልፍ ሲጫን ወይም ከሰርቨር መልስ ሲጠበቅ የሚፈጠረውን አይደለም። የዚያ ቅጽ ስህተት ደግሞ ከእነዚህ ወገን ነው።

በኮድ ግምገማ ላይ ‹‹ይለፍ፣ ስሙን በኋላ እናስተካክለዋለን›› ለምትሉኝ፦ ዛሬ ሁለት ፋይል ላይ ያለው ‹‹ቫሊዴትፎርም›› ነገ ሌሎች ፋይሎችም ይጠሩታል፤ ያኔ ስሙን ለመቀየር ሁሉንም መንካት ሊኖርባችሁ ነው። አሁኑኑ ቀይሩት፤ ባዶውን ‹‹ካች›› ይዞ የመጣውንም ኮድ አላጸድቅም።