ድሬዎች፣ «ሰው አለኝ» ማለት ይብቃን

የድሬዳዋ ሰው ሆይ፣ ዛሬ ልቆጣህ ነው። ቁጣዬ ከፍቅር ነው። ጥፋቱም የጋራችን ነው፤ እኔም አለሁበት።

እኛ አንቱታ አናውቅም። እዚህ ከተማ ሽማግሌው «አንተ» ነው፣ የሰፈሩ ሀብታምም «አንተ» ነው። ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ መጀመሪያ ላይ ይደነግጣል። ሲቆይ ግን ይወደዋል፤ ንቀት እንዳልሆነ ይገባዋል። ሰው ከሰው አይበልጥም ማለታችን ነው። ታዲያ ይሄ ኩሩ ሰው ግብር መክፈያው መስኮት ጋ ሲደርስ ምን ነካው? ትከሻው ይወርዳል። የልጁ እኩያ ፊት ቆሞ «ጌታዬ፣ እባክዎ፣ ይተባበሩኝ» ይላል። ስታደርገው አይቼሃለሁ። እኔም አድርጌዋለሁ።

ግብር መክፈል ውርደት ሆኖ አይደለም። የምንከፍለውን ልክ ከሕጉ ይልቅ ሰውየው የሚወስነው ስለሚመስለን ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ አልተሳሳትንም።

2009 ዓ.ም. ትዝ ይልሃል? የአነስተኛ ነጋዴው የቀን ገቢ ግምት የተሠራበት ዓመት ነው። ውጤቱ ሲነገር በብዙ የአገሪቱ ከተሞች ሱቅ ተዘግቶ ነበር። ገማቾቹ ሰፈራችን ሲመጡ እኔ መጋላ ውስጥ አንዲት ጎረቤቴ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነበር። የመጡት ከአስራ አንድ ሰዓት በኋላ ነው። የድሬን ፀሐይ ታውቃታለህ። ከስድስት ሰዓት በኋላ ከተማው ወይ ይተኛል ወይ ይቅማል። ሱቁም ይዘጋል። ሰው የሚወጣው ነፋስ ሲጀምር ነው። እነሱ ያዩት ያንን ገበያ የሚደራበትን ሰዓት ብቻ ነው። አንደኛው ገዢውን ቆጠረ። ሌላኛው መደርደሪያውን በዓይኑ ለካው፤ የዘይቱን ጀሪካን፣ የሩዙን ከረጢት፣ የፓስታውን ካርቶን። ሩዙን በዱቤ እንዳመጣችው ልታስረዳቸው ሞከረች። አልጻፉትም። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልቆዩም። በኋላ የደረሳት ቁጥር በአንድ ቀን አይታው የማታውቀው ሽያጭ ነበር።

ያን ማታ ተሰብስበን ምን መከርናት? «ሰው የለሽም?» አልናት። አንዳችንም «ይሄ አሠራር ልክ አይደለም፣ አብረን እንናገር» አላልንም። ሰው ፈለግንላት። ተገኘ። ቁጥሩም ወረደ። የወረደው ግን ለእሷ ብቻ ነው። ከጎኗ የሚሠራው ልብስ ሰፊ ሰው አልነበረውም። ከሁለቱ ሲንጀሮቹ አንዷን ሸጦ ከፈለ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ያን ማታ እሱም አብሮን ተቀምጦ ነበር። ሰው ስንፈልግላት ይሰማ ነበር።

ወንድሜ፣ ግብር በዛ ካልክ ለሁላችንም ይቀንስ በል። ለራስህ ብቻ በጓሮ በር አታስቀንስ። አንተ በጓሮ ያስቀነስካት ብር ሰው የሌለው ጎረቤትህ ላይ ነው የምትጨመረው። አንተም ብትሆን በዓመቱ ሌላ ሰው መፈለግህ አይቀርም፤ የአምናው ሰውህ ተዛውሯልና።

ደመወዝተኛው፣ አንተም ይሄ የነጋዴ ጣጣ ነው ብለህ እንዳታልፈው። ያንተን ግብር ማንም መጥቶ አልገመተም። ዝም ብሎ ነው ያደገው። በ2008 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ በወር ከ10,900 ብር በላይ የሆነውን ገቢ 35 በመቶ አስከፈለ። ያኔ ዶላር 22 ብር ገደማ ነበር። ስለዚህ 10,900 ብር 500 ዶላር ያህል ነው፤ የደላው ሰው ደመወዝ። ከዚያ ብራችን እየወደቀ ሄደ። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ጭራሽ ተንሸራተተ። የግብር እርከኑ፣ ስንት ብር ያገኘ ስንት በመቶ ይክፈል የሚለው ደረጃ፣ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም። በ2017 ማብቂያ ላይ ያው 10,900 ብር 80 ዶላር ያህል ሆኖ ነበር። ለደላው ሰው የወጣው ግብር፣ አዲስ ሕግ ሳያስፈልገው፣ ልጁን ለማስተማር የሚጨነቀው ሰው ቤት ገባ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ! ሐምሌ 2017 ላይ ሲሻሻል ከግብር ነፃ የሆነው ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ። 35 በመቶው ደግሞ ከ14,000 ብር በላይ ላለው ሆነ። 2,000 ብር ድሬ ላይ ስንት ቀን እንደሚያኖር ንገረኝ እስቲ። የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ግብሩ ይቀነስ ብሎ ደጋግሞ ጠይቋል። እኛ ከኋላው አልቆምንም። እርከን ምን እንደሆነ እንኳ ያላወቅን ብዙ ነን። ደመወዝ ጨመረ ሲባል እልል አልን፣ ስንት እንደተቆረጠ አላየንም።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ልጠይቅህ። ነሐሴ 2014 ላይ የአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና እዚሁ ከተማችን ተመረቀ። አጨበጨብን፤ ደግ አደረግን። ግን የተባለውን ልብ ብለሃል? እዚያ አጥር ውስጥ የገባ ዕቃ ወደ አገር ውስጥ ገበያ እስካልወጣ ድረስ ቀረጥ አይከፈልበትም። ጉዳይም በአንድ ቦታ እንዲያልቅ ነው የታሰበው። ለምን? ቀረጥ ሲቀልና ምልልስ ሲያጥር ነጋዴ ይመጣል፣ ሥራ ይከፈታል ተብሎ ነው። ይሄን ያለው መንግሥት ራሱ ነው። እንግዲያው አጥር ውስጥ የሚያድን መድኃኒት አጥር ውጭ ለምን ይከለከላል? ሳቢያን ላይ በር የሚበይደው ልጅ ምልልስ ቢያጥርለት አይጠቅመውም? ቀፊራ ላይ መደብ ዘርግታ የምትውለው እናት ፈቃድ ቢቀልላት ማንን ትጎዳለች? ትልቁ ባለሀብት ያገኘውን ቅናሽ ትንሹም ይገባዋል ብለን አንድ ቀን ጠይቀን አናውቅም።

ይቺ ከተማ የቆመችው እኮ በንግድ ነው። ባቡሩ በ1895 ከጅቡቲ ሲመጣ አሳቡ ሐረር መግባት ነበር። የተራራው ወጪ ከበደና ግርጌው ላይ ቀረ። እዚህ ሜዳ ላይ «አዲስ ሐረር» የተባለች ከተማ ተቆረቆረች። አረቡ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ህንዱ፣ ከየአቅጣጫው ያለው ወገናችንም የመጣው ዕቃ ስለሚያልፍ፣ ገንዘብ ስለሚንቀሳቀስ ነው። ተለምኖ የመጣ የለም።

ቀረጥ ሲከብድ ደግሞ ዕቃ አይቀርም፣ መንገድ ይቀይራል እንጂ። ይሄን ለድሬ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። የኮንትሮባንዱ ትርፍ ከየት ይመጣል? ቀረጥ በተከፈለበትና ባልተከፈለበት ዕቃ መካከል ካለው ልዩነት ነው። ልዩነቱ ሲሰፋ በሌሊት በረሃ የሚያቋርጠው ወጣት ይበዛል። ፈታሹም ይበዛል፣ ከፈታሹ ጋር የሚስማማውም ይበዛል። የሚከስረው ቀረጡን ከፍሎ፣ ደረሰኝ ቆርጦ የሚሸጠው ነው። እኛ ደግሞ እሱን «ሞኝ» እንለዋለን። ተው! እሱን ሞኝ አትበለው።

መንግሥት አይኑር እያልኩ አይደለም። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ በሌሊት ሲመጣ የሆነውን ማን ይረሳል? ከ200 በላይ ሰው ወሰደብን። የወንዙን ዳር ግንብ ነጋዴ አይሠራውም። ዳኛ፣ ፖሊስ፣ መንገድ፣ ውሃ የመንግሥት ሥራ ነው። ለዚያ የሚከፈል ግብር አይቆጨኝም። የሚቆጨኝ መንግሥት ሁሉን ልያዝ ሲል የራሱ ሥራ ሲቀርበት ነው።

ሁሉን እንዲይዝ የምንለምነው ግን ማን ሆነና? «ልጄን ቅጠርልኝ» የምንለው እኛ ነን። «ዋጋ ተምንልኝ» የምንለው እኛ ነን። ዘይት ዋጋ ሲተመንለት ከመደርደሪያ ወርዶ ከመጋረጃ ጀርባ እንደሚሸጥ ስንት ጊዜ አየን? መልሰን ያንኑ እንጠይቃለን። የተቀጠረው ልጅ ደመወዝ ከየት ይመጣል? ከአንተው ሱቅ ነው። ልጁም ጠረጴዛ ሲሰጠው አዲስ ማኅተም ይፈጥራል፣ አንተም ለማኅተሟ ትሰለፋለህ። ሲመሽ ደግሞ ለልጆቻችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያልን እንተርታለን። ይሄን ተረት ከቤትህ አውጣው። የምታሳድገው ነገ መስኮቱ ጋ የሚቀመጠውን ሰው ነው።

ባለሥልጣናቱ መልስ አላቸው። አገራችን ከምርቷ አንፃር የምትሰበስበው ግብር ከአፍሪካም አነስተኛው ተርታ ነው ይላሉ። እውነት ነው። ግን የሚከፍለው ማን እንደሆነ እይ። ደመወዙ ከእጁ ሳይገባ የሚቆረጥበትና በሩ ላይ ታፔላ የሰቀለው ነው። ሌላው ሸሽቷል። የሸሸውን የሚመልሰው ቀላልና የታወቀ ልክ ነው። ልኩ ለሁሉም አንድ ከሆነና የሚቻል ከሆነ ጉዳይ ገዳይ ከመክፈል ግብሩን መክፈል ይረክሳል። ያኔ ሰው ራሱ ይመጣል።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከመቶ ዓመት በፊት የዚህችው ከተማ ነጋድራስ ነበሩ። የጉምሩክ ሹም ማለት ነው፤ ሥራቸው ቀረጥ ማስከፈል ነበር። እኚህ ሰው ናቸው ሠራተኛው ያፈራውን ሌላ እየነጠቀው አገር ሀብት ሊያጠራቅም አይችልም ብለው አጥብቀው የጻፉት። ቀረጥ አስከፋዩ የተናገሩትን እኛ ከፋዮቹ ለመናገር እንፈራለን።

በሚቀጥለው የግብር ስብሰባ ላይ አዳራሹ ውስጥ እጅህን አውጣ። ግምቱ በምን እንደተሠራ በጽሑፍ ይሰጠን በል። ለነፃ ቀጠናው የተፈቀደው አንድ መስኮት ለእኛም ይከፈት በል። የደመወዝ እርከኑ ኑሮ በጨመረ ቁጥር ይከለስ በል። ስትናገር ደግሞ በድሬ አማርኛህ፣ «አንተ» ብለህ ተናገር። እኔ ከፊት ወንበር ላይ ነኝ። ልብስ ሰፊውንም ይዤው እመጣለሁ፤ ቃል አስገብቼዋለሁ።