ጀርመናዊቷ የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን

ፈረንጆች አንድ የሚያስቀና ልማድ አላቸው። ልጃቸው ሁለተኛ ደረጃ ሲጨርስ ወዲያው ዩኒቨርሲቲ አይከቱትም። «ጋፕ ይር» ብለው አንድ ዓመት ይለቁታል። አገር ይይ፣ ሰው ይርዳ፣ ራሱን ይፈልግ ይላሉ። የኛም ልጆች ሲመረቁ ሁለት ሦስት ዓመት ይለቀቃሉ፤ እነሱ የሚፈልጉት ሥራ ነው።

የጀርመን መንግሥት ለዚህ ነገር በጀት ሁሉ አለው። «ቬልትቬርትስ» የተባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ከ18 እስከ 28 ዓመት የሆናቸውን ወጣቶች ወደ ታዳጊ አገሮች ይልካል። መኝታና የኪስ ገንዘብም ይሰጣቸዋል። ደሴ፣ አክስቴ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል የተከራየችው የ19 ዓመት ልጅ የመጣችው እንዲህ ባለ መንገድ ነው። ጊዜው ከጦርነቱ በፊት ነበር።

ልጅቷ አፍሪካ ትሞቃለች ተብላ ቁምጣና የፀሐይ ቅባት ይዛ መጣች። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ መሆኗን የነገራት የለም። በነሐሴ ጠዋት ጦሳ አይታይም። እሱስ ተራራ ነው፣ የጎረቤት በርም አይታይ። አክስቴ እየተንቀጠቀጠች ስታገኛት «አብሽሪ ልጄ» ብላ ጋቢ ደረበችላት። ልትረዳን የመጣችው ልጅ እንዲህ አድርጋ እርዳታ መቀበል ጀመረች።

ቀጥሎ የምግቡ ጣጣ መጣ። ልጅቷ ሥጋ አትበላ፣ ወተት አትጠጣ፣ እንቁላል አታይ። ቪጋን ናት። ክርስቲያኗ ጎረቤታችን ይህን ስትሰማ ልቧ ተነካ። ፍልሰታ ነበረና «በዚህ ዕድሜዋ፣ ከአገሯ ርቃ እንኳ ጾሟን አልተወችም!» ብላ ለሰፈሩ አወራች። ነሐሴ 16 ጠዋት ዶሮ ወጥ ይዛ «እንኳን አደረሰሽ» ልትላት መጣች። ልጅቷ በትህትና አልበላም አለች። ጎረቤታችን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ምን ብትሠራ ነው ንስሐ አባቷ እንዲህ ያስረዘሙባት?» አለችኝ።

ይኸው ጾም ግን ሰርግ ላይ አስከበራት። በወሎ ሰርግ የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ሥጋ ለየብቻ ታርዶ ለየብቻ ይሠራል። ደጋሹ ሙስሊም ሆነ ክርስቲያን፣ የሌላውን ሳያስብ ዳስ አይጥልም። አስተናጋጁ ልጅቷን «የሙስሊም ነሽ የክርስቲያን?» ሲላት ትንሽ አሰበችና በዚያ በኮልታፋ አማርኛዋ «የሽሮ» አለች። ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ የሷ ስም ያልተጠራበት ሰርግ የለም። እኔ አርባ ዓመት ኖሬ ያን ያህል አልተጠራሁም።

ሥራዋን ረሳሁት። ለነገሩ እኛም ረስተነው ነበር። እንግሊዝኛ እንድታስተምር ነው የተመደበችው። ልጅቷ ጀርመናዊት ናት፣ እንግሊዝኛን እንደኛው ጥቁር ሰሌዳ ላይ አፍጥጣ የተማረች። ይህን ለርዕሰ መምህሩ ብታስረዳውም «ምንም አይደል» አላት። ፈረንጅ ናት፣ አለቀ። ክፍል ገብታ «ገባችሁ?» ስትል ስልሳ ልጅ በአንድ ድምፅ «የስ!» ይላታል። «ያልገባው አለ?» ስትልም «የስ!»። ሰዋስው ያቃታት ጊዜ ሃያ ዓመት ያስተማሩ መምህር በእረፍት ሰዓት ቁጭ አድርገው ያስረዷታል። አክስቴ ታበላታለች፣ መምህሩ ያስተምሯታል፣ ልጆቹ አማርኛ ያለማምዷታል። በጎ ፈቃደኛው ማን እንደሆነ ሊገባኝ አልቻለም። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ገና በሁለተኛው ሳምንት የሽንት ቤት ማሠሪያ ፕሮፖዛል አሸከማት። ከኪስ ገንዘቧ እንድታሠራው ነው መሰለኝ።

አጎቴ ነገሩን በጥርጣሬ ነው የሚያየው። የአሜሪካኖቹ የበጎ ፈቃደኞች ድርጅት ፒስ ኮር እ.ኤ.አ. በ1962 ኢትዮጵያ ሲገባ እሱ ልጅ ነበር። «እኛን ያስተማሩን እኮ ዲግሪ ነበራቸው» ይላል። በዚያ ላይ እሱ ራሱ ዘማች ነው። በ1967 ዓ.ም. ደርግ የእድገት በኅብረት ዘመቻን ሲያውጅ ወደ 60 ሺህ የሚጠጋ ተማሪና መምህር መሃይምነትን ሊያጠፋ፣ የመሬቱን አዋጅ ሊያስረዳ ገጠር ወረደ። በጎ ፈቃድህን የጠየቀ ግን አልነበረም። ልጅቷ ይህን ስትሰማ ዓይኗ በራ። እሳቸውም ጋፕ ይር ነበራቸው ማለት ነው! «ራሳቸውን አገኙ ወይ? ጠይቅልኝ» አለችኝ። አስተረጎምኩ። አጎቴ ቡናውን ፉት አለና «ኧረ ስመለስ እኔን የሚፈልገኝ ቀበሌ ነበር» አለ። ይቺን እንዴት አድርጌ ልተርጉምላት? «አዎ፣ አገኘሁ» ይላል አልኳት።

በዚህ መሃል የአክስቴ ልጅ ነቃ። በምህንድስና ተመርቆ በር ላይ ቆሞ ከርሟል። ይኸው ፕሮግራም ከኛ ዓይነት አገሮችም ወጣቶችን ጀርመን ወስዶ መዋዕለ ሕፃናትና አረጋውያን ቤት እንደሚያሠራ ከልጅቷ ሰማ። ያን ዕለት ማታ ፎርም መሙላት ጀመረ። «ለምን ማገልገል ፈለጉ?» የሚለው ጥያቄ ላይ ሲደርስ ብዙ ተቀመጠ።

አክስቴ አረጋውያን የሚለውን ስትሰማ ማመን አቃታት።

«ሽማግሌ ለመጦር ጀርመን ድረስ? ልጅ የላቸውም?»

ልጅቷ የገዛ አያቷም እንዲህ ያለ ቤት እንደሚኖሩ ነገረቻት። አክስቴ ሲኒውን ረከቦቱ ላይ መለሰች።

«ምን አጥፍተው?»

ምንም፣ ደህና ናቸው፣ ክፍላቸው ቴሌቪዥን አለው፣ ነርስ አለ ብትባል አልሰማ አለች። «አብሽሪ፣ እዚህ አምጫቸው። አንቺ ክፍል አንድ ፍራሽ ይገባል። ቡና ላይ ዱአ ያደርጉልናል፣ ትልቅ ሰው በረካ ነው።»

ልጅቷ የቀልድ መስሏት ሳቀች። አክስቴ በማግስቱ አራዳ ወርዳ የፍራሽ ዋጋ ጠይቃ መጣች። ሁለት ሰው ሲሆኑ ኪራዩ ትንሽ ጨመር እንደሚል ግን እንድነግርላት የላከችው እኔን ነው።