«ባዶ መሬት» የሚለው ስሌት

ተማሪ ሳለን የሕዝብ ጥግግት አንዲት ማካፈል ነበረች፤ ሕዝቡን ለአገሩ ስፋት አካፍሎ መልሱን መጻፍ። አርትሜቲክ፣ ፊዚዮሎጂካል፣ አግሪካልቸራል የሚባሉ ሦስት መለኪያዎች እንዳሉም ለፈተና ሸምድደናል፤ ከፈተናው ማግስት ደግሞ ረስተናቸዋል። መርሳታችን ግን ዋጋ አስከፍሎናል።

ግብፅንና ኢትዮጵያን ጎን ለጎን እንያቸው። የሁለቱም ስፋት አንድ ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሁለቱም ሕዝብ ከ100 ሚሊዮን አልፏል። በአርትሜቲኩ ስሌት መንትዮች ናቸው፤ በካሬ ኪሎ ሜትር መቶ ሰው፣ ቢበዛ ጥቂት ፈቀቅ ያለ። የግብፅ እርሻ ግን ከመሬቷ ከመቶ አራት እጅ ገደማ ነው። ሕዝቡን ለሚታረሰው መሬት ብቻ ስናካፍለው፣ ፊዚዮሎጂካል የሚሉት ይህንን ነው፣ በካሬ ኪሎ ሜትር ከ2,500 ሰው በላይ ይወጣል። የእኛ በዚሁ ስሌት የዚያን ግማሽ እንኳ አይሞላም። አግሪካልቸራሉ ገበሬውን ብቻ ለእርሻው ያካፍላል፤ ሕዝቧ እጅግ የታጨቀው ኔዘርላንድስ በዚህ ሲለኩ ቀለል ትላለች፤ እርሻውን ጥቂት ገበሬና ብዙ ማሽን ይዞታልና።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሦስቱም የማያዩት መሬት ነው።

በ1977ቱ ድርቅ ማግሥት ደርግ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ እያነሳ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ጋምቤላና መተከል አሰፈረ። ሐሳቡ ሲሰሙት ቀላል ነው፤ ደጋው ሞልቷል፣ ቆላው ባዶ ነው። በካርታ ላይ መተከል በእርግጥም ሳስቶ ይታያል። ጉሙዙ ግን መንጥሮ ያርሳል፣ ከዚያ ማሳውን ለዓመታት ትቶ ሌላ ይመነጥራል፣ አፈሩ ሲያገግም ይመለሳል። ለቆጣሪው ባዶ የመሰለው ጦም ያደረ ማሳ ነበር። ሰፋሪውም ቢሆን ተፈናቃይ እንጂ ወራሪ አልነበረም፤ ጥፋቱ ስሌቱን የሠሩት ሰዎች ነው።

አዋሽ ላይ የሆነውም ከዚህ አይለይም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጥጥና የሸንኮራ እርሻ ሲስፋፋ አፋር በበጋ ከብቱን የሚያወርድበት የወንዝ ዳር ግጦሽ ተወሰደ። ከአፋር ጠቅላላ ስፋት ጋር ሲተያይ የተወሰደው ኢምንት ነው። አርብቶ አደሩ ግን ያን ሰፊ ምድር ዓመቱን ሙሉ የሚኖርበት በዚያች ቁራጭ ተማምኖ ነው። እሷ ስትሄድ የቀረው ሜዳ ለበጋ አይሆንም። ስንት ሰው በካሬ ኪሎ ሜትር የሚለው ጥያቄ ለዚህ ኑሮ ምንም አይነግረንም፤ ስንት ከብት፣ በየትኛው ወር፣ ከየትኛው ውኃ ብሎ የሚጠይቅ መለኪያ ያስፈልገዋል።

ተቃራኒውን ጌዴኦ ላይ ታያላችሁ። በ1999ኙ ቆጠራ በካሬ ኪሎ ሜትር ወደ 700 ሰው ነበር፤ አብዛኛው ገጠሬ። በደጋ እህል አምራች ዓይን ሲታይ ይህ ጭንቅ ነው። እዚያ ግን ከዛፍ ጥላ ሥር ቡና፣ ከቡናው ጋር እንሰት አለ፤ አንዱ መሬት ሁለት ሦስት ጊዜ ይቆጠራል ማለት ይቻላል። የመሬት ጥበት የለም አልልም፣ አለ። ግን የጌዴኦን 700 እና የስንዴ አገርን 700 አንድ አድርጎ «ትርፍ ሕዝብ» ማለት ስንፍና ነው።

ቁጥሩ ራሱም አርጅቷል፤ ከ1999 ወዲህ ሕዝብ አልተቆጠረም፣ የምንጠቅሰው ሁሉ ግምት ነው። ቆጠራው ሲመጣ ተካፋዩ ይታደሳል። አካፋዩን፣ ማለትም መሬቱን፣ ግን ቆላው ድረስ ወርዶ የአካባቢውን ሰው ካልጠየቁ ከቢሮ ሊያውቁት አይችሉም።