ክርክር፦ ስፔክትራል ካሜራ ለተቀለመ የሴል ኒውክሊየስ ይጠቅማልን?

ጅማ ውስጥ የሚሠሩ አንድ የፊዚክስ መምህርና ሕብረ ሕዋስን በማይክሮስኮፕ የምትመረምር አንዲት የፓቶሎጂ ሐኪም ይህን ጥያቄ በጽሑፍ ተከራክረውበታል።

መምህሩ (ደጋፊ)፦ ተራ ካሜራ ብርሃንን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብሎ በሦስት ብቻ ይከፍላል። ስፔክትራል ካሜራ ግን ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ያለውን የብርሃን ሞገድ ርዝመት በየ10 ናኖሜትሩ ሲያነሳ ከእያንዳንዱ የስላይድ (ናሙናው የተለጠፈበት መስታወት) ነጥብ 31 ንባብ ያገኛል። ከማቅለሚያዎቹ ሄማቶክሲሊን ኒውክሊየሱን ሰማያዊ ወይን ጠጅ፣ ኢኦሲን በዙሪያው ያለውን ሳይቶፕላዝም ሮዝ ያደርጋሉ፤ ሁለቱ በተደራረቡበት ቦታ ዓይን የሚያየው ድምሩን ነው። በቢር-ላምበርት ሕግ መሠረት የቀለሞቹ ብርሃን የመምጠጥ መጠን ስለሚደመር፣ ድምሩን ወደየድርሻው መልሶ መለየት ይቻላል። አንድን የተመረጠ ፕሮቲን የሚያሳየው ቡናማው የኢሚውኖ ቀለም ሲታከል ግን ባለሦስት ቻናሉ ካሜራ ለሦስት ቀለም ሦስት ንባብ ብቻ ይዞ ይቀራል፤ ስህተቱን የሚፈትሽበት ትርፍ መረጃ የለውም።

ሐኪሟ (ተቃዋሚ)፦ መምህር፣ ስሌትዎን አልነቅፍም። ሆኖም ከአንድ ብሎክ (በሰም ከተያዘ ሕብረ ሕዋስ) ተቆርጠው በተለያየ ቀን የተቀለሙ ሁለት ስላይዶችን ጎን ለጎን አስቀምጬ አይቻለሁ። በአንደኛው በኒውክሊየሱ ውስጥ ዲኤንኤውን የያዘው የክሮማቲኑ ቅንጣትና የኑክሊዮለሱ ዳር ጥርት ብሎ ይታያል፤ በሌላኛው ኒውክሊየሱ ድፍን ጥቁር ነው፣ ምክንያቱም በሄማቶክሲሊኑ ውስጥ ከሚገባው በላይ ቆይቷል። ሕብረ ሕዋሱ ያው ነው። ሄማቶክሲሊን ከዲኤንኤ ጋር በመጠን ተመጣጥኖ ስለማይያያዝ፣ ካሜራዎ በጥራት የሚለካው የበሽተኛዋን ሕመም ሳይሆን የእኛን እጅ ሥራ ይሆናል። በዚያ ላይ የመብራቱ ኃይል ከፍ ዝቅ ሲል የማይክሮስኮፑ የሃሎጅን አምፖል ብርሃን ይለዋወጣል፤ ይህን ጅማ ለሚኖር ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም።

መምህሩ፦ ዶክተር፣ የአምፖሉ ነገር መፍትሔ አለው፤ የስላይዱን ባዶ ቦታ በየጊዜው አንስቶ ንባቡን በእሱ ማካፈል ነው። የእጅ ሥራው ልዩነት ያሉት ግን ለእኔ ክርክር የሚያግዝ ይመስለኛል፤ ጉድለቱ በቁጥር ካልተለካ በምን ይታረማል? ለዲኤንኤ መጠን ደግሞ ከ1924 ጀምሮ የሚታወቀው የፎልገን ቀለም አለ፤ እሱ ከዲኤንኤው ጋር ተመጣጥኖ ይያያዛል።

ሐኪሟ፦ ፎልገን ካሉ እስማማለሁ፤ ነገር ግን እሱም በአሲድ የሚታጠብበት ደቂቃና የሙቀት መጠን ከተዛባ ውጤቱ ይዛባል። ደግሞም ለአንድ ቀለም 31 ንባብ አያስፈልግም፤ ቀለሙ አብዝቶ በሚመጥበት ሞገድ ላይ የተመረጠ አንድ ማጣሪያ ይበቃል። ስለዚህ ከካሜራው በፊት የማቅለሚያ ሰዓቱ በጽሑፍ ይወሰን፣ ከእያንዳንዱ ዙር ጋርም መጠኑ የታወቀ ጤናማ ናሙና አብሮ ይቀለም። ያ ተሟልቶ ቡናማው ቀለም ከሄማቶክሲሊኑ አልለይ ያለ ዕለት፣ የካሜራውን ግዢ እኔው ራሴ እጠይቃለሁ።