ፍትወት በጉባኤ ይነገር ወይስ ለንስሐ አባት ይተው?

ከ13 እስከ 18 ዓመት ያሉ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ስለ ፍትወትና ስለ ሩካቤ በጉባኤ በግልጽ ይማሩ በሚለው ሐሳብ ላይ አንዲት መምህርትና አንድ ቀሲስ በጽሑፍ ተከራክረዋል።

መምህርቷ፦ አባታችን፣ እሑድ ሥጋ ወደሙ ለመቀበል የሚሰለፈውን ምእመን ልብ ብለው ቢያዩት፣ እናቶቻቸው ያቀፏቸው ሕፃናትና መቋሚያ የተደገፉ አረጋውያን አሉ፤ መካከሉ ግን ሳስቷል። እስከ 12 ዓመታቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ይቆርቡ የነበሩ ልጆች ድምፃቸው ሲጎረንን፣ ጡታቸው ሲያጎጠጉጥ "አልበቃሁም" እያሉ ይቀራሉ። አምና አንድ የ14 ዓመት ልጅ ሦስት እሑድ ሙሉ ከጽዱ ሥር ቆሞ ሲያስቀድስ አይቼ ብጠይቀው፣ ሕልመ ሌሊት ያየ (በእንቅልፍ ልቡ ዘር የፈሰሰው) ሰው በዚያ ዕለት ቤተ መቅደስ እንደማይገባ ሰምቶ ኖሮ፣ ራሱን እንደ አመንዝራ ቆጥሯል። ሥርዓቱን የነገረው ነበር፤ ሳይፈልገው የመጣ የሰውነት ጠባይ በደል እንዳልሆነ የነገረው ግን አልነበረም። ምኞት ሁሉ ኃጢአት እየመሰለው ያደገ ልጅ ምኞቱን መግዛት ከማን ይማር?

ቀሲስ፦ ልጁ ያሳዝናል፤ ነገር ግን የሚያሻው አዳራሽ ሙሉ ትምህርት ነው ወይስ ገለል አድርጎ የሚያነጋግረው አንድ አባት? በአንድ ጉባኤ የ13 ዓመቷና የ18 ዓመቱ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ለእርሱ መድኃኒት የሆነው ለእርሷ ያላሰበችውን የሚያሳስብ ይሆናል። መኃልየ መኃልይ ፍቅርን ፈቃዱ እስኪሆን ድረስ እንዳታስነሡት ብሎ ሦስት ጊዜ ማማሉ ያለ ነገር አይደለም። አበው ለወጣት ያዘዙት ጾም ነው። ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሆዱን "ቆይ" ማለት የለመደ ልጅ ሥጋውንም "ቆይ" ለማለት ጉልበት ያገኛል፤ ሁለቱ ጎረቤታሞች ናቸውና። ሀፍረትንም አንናቀው፤ ብዙ ልጅ የጠበቀ አጥር ነው።

መምህርቷ፦ ጾሙን እቀበላለሁ፤ የሚጾመው ልጅ ከምን ጋር እንደሚታገል ይወቅ ነው የምለው። መኃልየ መኃልይንም አባቶቻችን ከዳዊት ጋር ጠርዘው ለሚደግም ልጅ ሰጥተውታል፤ ስለ ሙሽራዪቱ ጡት የሚናገረውን ገጽ አልቀደዱበትም። አትቀስቅሱ ይላሉ፤ ስልኩ እኮ ከእኛ ቀድሞ ቀስቅሶታል።

የአያቶቻችን ዝምታ የዘለቀው ጋብቻ ከጉርምስና ጋር አብሮ ይመጣ ስለነበር ነው፤ ልጅቷ ምኞቷን ሳታውቀው ትዳር ነበር (ያ መልካም ነበር ማለቴ አይደለም)። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ለወንዱም ለሴቷም 18 ዓመት ደንግጓል፤ ትምህርቱ፣ ሥራ ፍለጋውና የቤት ኪራዩ ሲጨመርበት ደግሞ 30 ዓመት ሲጠጋው ተክሊል የሚደፋው ጥቂት አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ "በምኞት ከመቃጠል መጋባት ይሻላል" ያለውን ለ15 ዓመት ልጅ ስናነብለት፣ ከፊቱ ያለው ምናልባት ሌላ 15 ዓመት ነው። ለዚህ ርቀት ያለ ስንቅ እንሸኘው?

ለንስሐ አባት ይተው ማለትስ ምን ማለት ነው? የንስሐ አባት ቤት ሲመጡ ቡናው ቀርቧል፣ ጠበሉ ይረጫል፣ እናት አጠገብ ተቀምጣለች፤ ልጅቷ መስቀል ተሳልማ ስኒ ልታጥብ ትነሣለች። መቼ ትንገርዎት?

ቀሲስ፦ ይህን መካድ አልችልም፤ ብዙ ቤት እንዲሁ ባርኬ ወጥቻለሁ። ጉባኤው ይሁን ካልን ግን በዕድሜ ይከፈል፤ ወንዱ ለብቻ፣ ሴቷ ለብቻ ይማሩ፤ ወላጅም አስቀድሞ ይወቅ።

መምህርቷ፦ በዕድሜ መከፈሉንና ወላጅ ማወቁን እቀበላለሁ፤ ሁልጊዜ መለያየቱን ግን አልቀበልም። የንጉሥ ዳዊትን ልጅ የአምኖንንና የእኅቱን የትዕማርን ታሪክ ወንዶቹ ሴቶቹ ባሉበት እንዲሰሙት እሻለሁ። እስኪታመም ድረስ ወደድኳት ያለው ሰው፣ አስገድዶ ከደረሰባት በኋላ ከወደዳት ይልቅ ጠላት፤ አስወጥቶም በሩን አስዘጋባት። ፍትወትና ፍቅር የሚለዩበትን ቦታ ከዚህ አጉልቶ የሚያሳይ ምንባብ አላውቅም፤ ወንዱ ልጅ ይህን ሲሰማ የትዕማር እኩዮች ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ቢያይ መልካም ነው።

ቀሲስ፦ በተደባለቀ ጉባኤ መነበቡን አሁንም አልስማማበትም፤ ለወንዶቹ እኔው አነብላቸዋለሁ። ከጽዱ ሥር የቆመውን ልጅ ግን እስከ ጉባኤው ቀን አያቆዩብኝ፤ በዚህ ሳምንት፣ ሰው እያየን እናቱ ግን ከማትሰማበት፣ ደጀ ሰላሙ ጋ ይላኩልኝ።