ገመድ ቀጣዮቻችን ዕድሜ ይስጣቸው

መቼም «አንጎልህን እንቀይርልህ» ወደሚል ሥልጠና ያልተጋበዘ የለም። ግብዣው ያልደረሰው ካለ ስልኩ ተዘግቶ ነው። እኔ ባለፈው ቅዳሜ የተጠራሁት አምባሳደር አካባቢ አንድ አዳራሽ ነው። ባነሩ «የአንጎልዎን ትስስር በአንድ ቀን ይቀይሩ» ይላል። ከሥሩ በቀይና በቢጫ የሚነድ የሰው አንጎል ተለጥፏል። አሰልጣኙ ሰማያዊ ኮት ለብሰው፣ ጆሮ ላይ የሚሰካ ማይክ አድርገው ብቅ አሉ። «የአንጎላችሁን 90 በመቶ ሳትጠቀሙበት ልትሞቱ ነው!» አሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ለእንዲህ ያለ መርዶ እንዴት ይጨበጨባል አትበሉኝ፤ ተጨበጨበ።

አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ሆኖ ሳለ ከምናቃጥለው ጉልበት 20 በመቶ ያህሉን የሚበላ አካል ነው። 90 በመቶው ሥራ ፈት ቢሆን ማን ይቀልበው ነበር? ይህን ግን ጮክ ብዬ አልተናገርኩም። ላመሰግን እንጂ ላማ አልመጣሁም።

እውነቴን ነው፤ እነዚህ ሰዎች ባይኖሩ ከማን እንማር ነበር? ከፈረንጆቹ? ፈረንጆቹማ ምን ያህል ዘገምተኞች እንደሆኑ ልንገራችሁ፤ ዓመቶቹንም በእነሱው አቆጣጠር ልጥራ። በ1986 የአንዲት ሚጢጢ ትል የነርቭ ካርታ አሳተሙ። ትሏ ያላት የነርቭ ሴል 302 ብቻ ነው። እሷን እንኳ እስከ ዛሬ አጥንተው አልጨረሷትም። በ2024 ደግሞ የአንዲት የፍራፍሬ ዝንብን ሙሉ የአንጎል ካርታ አወጡ፤ ወደ 140,000 ነርቭ። ለአንዲት ዝንብ ስንት ላብራቶሪ ተረባረበ! የሰው አንጎል ወደ 86 ቢሊዮን ነርቭ አለው። የእኛ ሰው ከሻይ እረፍት እስከ ምሳ ባለው ጊዜ ውስጥ ጨረሱት። ለአፍ ዳገት የለውም እንዲሉ።

ቀጥሎ ስላይዱ መጣ። «ይህ የስኬታማ ሰው አንጎል ነው» አሉ፤ ቀይ በቀይ ነው። «ይህ ደግሞ የድሃ ሰው አንጎል ነው» አሉ፤ ሰማያዊ ይበዛበታል። ከፊቴ የተቀመጠች ልጅ ስልኳን አውጥታ ሰማያዊውን ፎቶ አነሳች። ከዚያ አጉልታ፣ አንገቷን ዘመም አድርጋ፣ ረጅም ሰዓት አየችው። በሥዕሉ ላይ የፎቶ ሻጭ ድረ ገጽ ማኅተም በሰያፍ ታትሞበታል። ሳይገዙት ነው ያወረዱት ማለት ነው። ቁጠባም አንዱ የስኬታማ አንጎል ምልክት ነው።

እንዲህ ያለውን የአንጎል ሥዕል የሚያነሳው ማሽን እኮ ሐሳብ አያይም። ኤፍኤምአርአይ የሚሉት፣ ጃፓናዊው ሴጂ ኦጋዋ በ1990 መንገዱን ያሳዩት ዘዴ፣ የሚከታተለው ደምን ነው። ነርቮች ሥራ ሲበዛባቸው ኦክስጅን የያዘ ደም ወደዚያ ይጎርፋል። ኦክስጅን የያዘና ያልያዘ ደም ደግሞ ማግኔት ውስጥ አንድ አይደለም። ልዩነቷ ኢምንት ናት፤ ጫፍ ላይ የምትደርሰውም ነገሩ ካለፈ ከ5 ወይም ከ6 ሴኮንድ በኋላ ነው። ቀዩና ቢጫው ኮምፒውተር የቀባው የስታቲስቲክስ ውጤት ነው። ማንም ሰው ጭንቅላት ውስጥ ቀይ አምፖል የለም፤ የባለሀብትም ቢሆን።

ትስስር የሚባለውስ? በ1995 ባራት ቢስዋል የሚባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ሰዎችን ዝም ብለው እንዲተኙ አድርገው ቀረጿቸው። የግራና የቀኝ እጅን የሚያንቀሳቅሱት የአንጎል ክፍሎች፣ ሰውየው ጣቱን እንኳ ሳያነሳ፣ ምልክታቸው አብሮ ሲወጣና አብሮ ሲወርድ ተገኘ። ትስስር የሚሉት ይኸው አብሮ መውጣትና አብሮ መውረድ ነው። አራት ኪሎ ታክሲ ሰልፍ ላይ በየጠዋቱ በአንድ ሰዓት የሚታዩ ሁለት ሰዎች ዘመዳሞች ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለቱም ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሮ የሚገቡ፣ ሰላምታ እንኳ የሌላቸው ሰዎችም ሊሆኑ ይችላሉ። ተመራማሪው ይህን ለመለየት ዕድሜውን ይፈጃል። የእኛ ሰው ግን ሁለቱን አጋብተው፣ አስወልደው፣ ልጃቸውን ክርስትና አስነስተዋል።

ማሽኑ ውስጥ የተኛ ሰው ጭንቅላቱን ከአንድ ሚሊሜትር ባነሰ ቢያንቀሳቅስ እንኳ የሌለ ትስስር ያለ ሊመስል እንደሚችል በ2012 የወጡ ጥናቶች አስጠንቅቀዋል። አሰልጣኛችን ደግሞ መድረኩን ከጫፍ ጫፍ እየዘለሉ ነው የሚያስተምሩት። ያን ሁሉ ትስስር ከየት እንዳመጡት ያኔ ተገለጠልኝ።

ከምሳ በፊት ፈተና ነበር። ወረቀት ይታደላል። «ቀለም ይወዳሉ?» «ቀጠሮ ያከብራሉ?» ምልክት አድርገህ ትመልሳለህ፤ ከዚያ «ቀኝ አንጎላም» ወይም «ግራ አንጎላም» ትባላለህ። የጎረቤቴ ልጅ ባለፈው ዓመት በእንዲህ ያለ ፈተና ቀኝ አንጎላም ተብሎ ሒሳብ ማጥናት አቁሟል። አባቱም አይቆጣውም፤ ተፈጥሮን ማን ይቆጣል? በዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ7 እስከ 29 ዓመት የሆናቸውን የ1,011 ሰዎች የአንጎል ምስል መርምረው በ2013 ያሳተሙት ነገር ነበር። እንደ ቋንቋ ያሉ ሥራዎች ወደ አንድ ጎን ያደላሉ። በጠቅላላው ግራ ወይም ቀኝ አንጎላም የሚባል ሰው ግን አላገኙም። እንዴት ያገኙታል? የአምባሳደሩን ወረቀት አልሞሉላቸውም።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። በ2009 ክሬግ ቤኔት የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ሳልመን ዓሣ ማሽን ውስጥ አስገባ። ዓሣው ሞቷል። የሰዎች ፎቶ ያሳዩታል፤ «ይህ ሰው ምን እየተሰማው ይመስልሃል?» ይሉታል። ውጤቱ ሲታይ በዓሣው አንጎል ውስጥ ጥቂት ነጥቦች በርተዋል። ተአምር አይደለም። ምስሉ ብዙ ሺህ ትናንሽ ኩቦች አሉት፤ እያንዳንዱን ለየብቻ ስትፈትን በአጋጣሚ የሚበራ አይጠፋም። ለዚህ የተዘጋጀ የሒሳብ እርማት አለ። እርማቱ ሲደረግ ዓሣው በሥርዓቱ ወደ ሞቱ ተመለሰ። በ2012 ለዚህ ሥራ ኢግ ኖቤል፣ ያ ሰውን አስቆ የሚያሳስብ ሽልማት፣ ተሰጣቸው።

ይህ ዓሣ ምነው አዲስ አበባ በመጣ! ከአሰልጣኞቻችን ሁሉ በአንድ ነገር ይበልጣል፤ እሱ ማሽኑን ገብቶበታል። ቦሌ እንደደረሰ እቅፍ አበባ ይዘን እንቀበለዋለን። በሳምንቱ ስሙ ላይ «ዶክተር» ይጨመራል፤ ከየትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሆነ የሚጠይቅ ቅናተኛ ነው። የጠዋት ፕሮግራም ላይ ይቀርባል። «ከዜሮ ተነስተህ ነው እዚህ የደረስከው?» ይለዋል ጋዜጠኛው። ዓሣው ዝም። «ትሕትናህ ይገርማል» ይለዋል ጋዜጠኛው፤ ዓይኑ እንባ ያቀራል። የቴሌግራም ቻናል ይከፈትለታል። «ሞቼም አንጎሌ ይሠራል፤ አንተስ?» የሚል ጥቅስ ከነፎቶው ይለጠፋል፤ ጥቅሱ ሚኒባስ ጀርባ ላይ ለመድረስ ሳምንት አይፈጅበትም። በሦስተኛው ቀን ሥልጠና አዳራሹ መሽተት ይጀምራል። የፊት ረድፍ ሰልጣኞች «ኃይል ተሰማን» ብለው ይመሰክራሉ። በጾም ወቅት ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክራችን ይረሳና ዓሣ ይሰማል አይሰማም ወደሚለው እንዞራለን። ኋላም የዝዋይ ቆሮሶዎች «የአገር ውስጥ ምርት ይበረታታ» ብለው ይነሳሉ። ማኅበር ይመሠረታል፤ ማኅበሩ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ክንፍ በረዶ ውስጥ ሆኖ መግለጫ ይሰጣል። አስተባባሪ ኮሚቴው ግን ከሁሉም ጋር ፎቶ ይነሳል።

ምሳ ሰዓት ላይ አንዲት እናት አሰልጣኙን ጥግ ይዘው ሲያናግሩ ሰማሁ። ልጃቸው የሚጥል በሽታ አለበት። መድኃኒት ይወስዳል። ሰውየው ምን ቢሏቸው ጥሩ ነው? «መድኃኒቱ ትስስሩን ያፍነዋል፤ ቀስ እያሉ ይተዉትና የሦስት ወሩን ፓኬጅ ያስመዝግቡት።»

ይህ ነውር ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲቋረጥ አልቆም የሚል መንቀጥቀጥ ሊያመጣ፣ ሊገድልም ይችላል። ደፍሮ የሚናገረው ሰው ደግሞ የነርቭ ሐኪም በሩቁ እንኳ አይቶ የሚያውቅ አይመስልም። እዚሁ ከተማ ውስጥ አንድ የጭንቅላት ኤምአርአይ ለማስነሳት በሬ ሸጠው ከክፍለ ሀገር የመጡ፣ የሐኪሙን ወረቀት በፌስታል ጠቅልለው ከበር በር የሚንከራተቱ ሰዎች አሉ። ምስሉ የሚያስፈልገው አጥቶታል። የማያስፈልገው አውርዶ ይነግድበታል። እኒያ እናት ስልክ ቁጥራቸውን ሲጽፉ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ተከትያቸው ወጥቼ ሐኪሙን ሳያማክሩ ምንም እንዳይነኩ ነገርኳቸው። «አንተም አሰልጣኝ ነህ?» አሉኝ።

ይሁን። ምስጋናዬን ልጨርስ። የሰው ኃይል ክፍል ኃላፊዎቻችንን ሳላነሳ ባልፍ ቅር ይላቸዋል። ሰኔ 30 ሳይደርስ በጀቱን ለማሟጠጥ ሠራተኛውን ጭነው የሚያመጡት እነሱ ናቸው። ከኋላ ያለው ሠራተኛ በሐሳብ ጭልጥ ብሏል፤ የኮንዶሚኒየሙን ክፍያ ያሰላል። በ2001 ማርከስ ሬይክልና ባልደረቦቻቸው፣ ሰው የተሰጠውን ሥራ ትቶ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ይበልጥ የሚነቁ የአንጎል ክፍሎች እንዳሉ ጽፈዋል። እንግዲህ በዚያ አዳራሽ ውስጥ በደንብ ሲሠራ የዋለው የእሱ አንጎል ነው።

ለመዋለ ሕፃናቱም እጅ እነሳለሁ። አጥራቸው ላይ «የነርቭ ትስስርን የሚያዳብር ትምህርት» ብለው ጽፈው ክፍያቸውን ጨምረዋል። ትምህርቱ ያው ሀ ሁ ነው። ያው ሲፈስ የሚውል አፍንጫ፣ ያው የምሳ ዕቃ። ነርቩ ግን ተጨምሯል።

የአንጎልን ትስስር ከሰው ጠባይ ጋር አገናኝቶ የሚያስተማምን ነገር ለመናገር ብዙውን ጊዜ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች እንደሚያስፈልጉ በ2022 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ሰፊ ጥናት አሳይቷል። አሰልጣኛችን በአንድ ሰው ጨርሰውታል። ሰውየው ራሳቸው ናቸው። «እኔን እዩኝ!» አሉ፤ አየናቸው፤ ሰርተፍኬታችንን ተቀበልን።

ሌቭል ሁለት በሚመጣው ወር ነው። ርእሱ «የአንጎልና የኪስ ትስስር» ይባላል፤ በዚህኛው እንኳ ማስረጃ አላጣም። ቀድሞ ለከፈለ የሚነድ አንጎል የታተመበት ቲሸርት በነፃ ይሰጠዋል። ቶሎ በሉ፤ ኤክስ ኤል አልቋል።